የፍለጋ ሞተሮቼ ጠፉ፤ ሦስቱ ግን አሁንም ይሠራሉ (ተፈቷል)

እንዝርት | ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ላሳጥረው እሞክራለሁ፤ ከረዘመ ታገሡኝ።

እኔ አድራሻ ባሩ ላይ በአንድ ፊደል ነው የምፈልገው። «ው» ብዬ፣ ባዶ ቦታ ሰጥቼ፣ «ግርዶሽ» ብዬ ኢንተር ስመታ በቀጥታ አማርኛው ውክፔዲያ ውስጥ ይፈልግልኛል። «መ» መዝገበ ቃላት ነው፣ «ካ» ካርታ፣ «ቪ» ቪዲዮ። እንዲህ እያልኩ በአራት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት የፍለጋ ሞተር አጠራቅሜያለሁ። አብዛኞቹን በእጄ ነው የሞላኋቸው። የአንዳንዶቹን ትክክለኛ አድራሻ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ዛሬ ጠዋት «ው ግርዶሽ» ብል ዋናው የፍለጋ ሞተር «ው ግርዶሽ» የሚለውን እንዳለ ተሸክሞት ሄደ። «መ»ም እንደዚያው። ሰቲንግ ገብቼ ሳይ ዝርዝሩ ላይ የቀሩት ከብሮውዘሩ ጋር የሚመጡት ብቻ ናቸው። የኔዎቹ ድራሻቸው የለም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን መጥፋታቸው ብቻ አይደለም። ሦስቱ ይሠራሉ! «ቃ»፣ «ግ» እና «ሥ» ልክ እንደ ድሮው ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ብፈልጋቸው ግን የሉም። የሌለ ነገር እንዴት ይሠራል?

ፋየርፎክስ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ። ቡክማርኬ፣ ፓስወርዶቼ፣ ሂስትሪዬ ሁሉ አለ። ምንም የነካሁት ነገር የለም።

---

ፈጣን_ጣት | ሰኞ ማታ 2:31

ካሽና ሂስትሪ አጽዳና ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራው። የኔ ሁሌ በዚህ ነው የሚስተካከለው።

---

የታብ_እናት | ሰኞ ማታ 2:40

እንዝርት፣ እባክህ ለጊዜው ምንም ነገር እንዳታጸዳ።

የፍለጋ ሞተር ካሽ ውስጥ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ካሽ ብታጸዳ የሚመለስ ነገር የለም። ሂስትሪ ማጽዳት ደግሞ ጭራሽ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በክሮሚየም ላይ የተሠሩ ብሮውዘሮች (እነ ክሮምና ኤጅ) አንድ ድረ ገጽ ላይ ስትፈልግ አይተው የዚያን ገጽ ፍለጋ በራሳቸው ይመዘግቡታል። ሂስትሪውን ስታጠፋ በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሳቸው የመዘገቧቸውም አብረው ይሄዳሉ። በእጅህ የሞላኸው ይቀራል። ያንተ ፋየርፎክስ ስለሆነ ይኼ ባይነካህም፣ የጠፋ ነገር እየፈለጉ ቤት መጥረግ ጥሩ አይደለም።

«ምንም አልነካሁም» ያልከውን ለጊዜው ልመንህና ልጠይቅህ።

ኤክስቴንሽኖችህ (ብሮውዘሩ ላይ የጫንካቸው ተጨማሪዎች) አሉ? ዝርዝሩን ከፍተህ እይ እንጂ በግምት አትንገረኝ።

ሲንክ (በአካውንት በኩል ዕቃህን ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚያመላልሰውን) ትጠቀማለህ ወይ? በአካውንት ገብተሃል?

ሰሞኑን ብሮውዘሩን እንደገና ጭነሃል? ወይስ ቤታ ወይም ሌላ እትም አውርደሃል?

የሚሠሩትን ሦስቱንም ተወት አታድርጋቸው፤ ጥሩ ፍንጭ ናቸው። ቡክማርክ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ የ«ቃ»ን ድረ ገጽ ስም ፈልግ፤ ካገኘኸው ንካውና ከታች «ኪወርድ» (አቋራጭ ቃል) የሚል ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ንገረኝ።

---

ሌሊት_ዘብ | ሰኞ ማታ 2:52

ይኼ የፕሮፋይል (ብሮውዘሩ ያንተን ዕቃ ሁሉ የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ጉዳይ ነው፣ መቶ በመቶ። ከ67ኛው ስሪት (ግንቦት 2019 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፋየርፎክስ ለእያንዳንዱ ጭነት የራሱን ፕሮፋይል ነው የሚሰጠው። ሌላ እትም ከጫንክ ባዶ ቤት ውስጥ ትገባለህ። ዕቃህ አሮጌው ቤት እንዳለ ነው። አድራሻ ባሩ ላይ ጽፈህ በምትከፍተው አባውት፡ፕሮፋይልስ ገጽ ላይ ስንት ፕሮፋይል እንዳለህ እይ።

---

የታብ_እናት | ሰኞ ማታ 2:58

@ሌሊት_ዘብ ሊሆን ይችላል፤ ግን ባዶ ቤት ቢሆን ቡክማርኩና ፓስወርዱ ከየት መጣ? ሲንክ ካመጣቸው ብቻ ነው። ሲንክን የጠየቅኩት ለዚሁ ነው። የፋየርፎክስ ሲንክ ቡክማርክ፣ ፓስወርድና ሂስትሪ ያመላልሳል፤ የጨመርካቸውን የፍለጋ ሞተሮች ግን አይወስድም። ስለዚህ አዲስ ፕሮፋይል ላይ ሲንክ ሲደረግ ልክ እንዝርት የነገረን ዓይነት መልክ ነው የሚኖረው። ሲንክ ከሌለው ያንተ ሐሳብ ይወድቃል፣ የኔ ጥርጣሬ ይቆማል።

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 3:10

መልስ በየተራ።

ሲንክ የለኝም፤ አካውንትም ከፍቼ አላውቅም። ሌላ እትምም አልጫንኩም።

ኤክስቴንሽኖቹ... ኧረ የሉም! አንድም የለም። ዛሬ ገጹ ሁሉ ማስታወቂያ በማስታወቂያ የሆነብኝ ለካ ማገጃው ስለሌለ ነው። እኔ ደግሞ ድረ ገጾቹ ተበላሹ እያልኩ ነበር።

«ቃ»ን ቡክማርክ ውስጥ አገኘኋት። ኪወርድ የሚለው ሳጥን ውስጥ «ቃ» ይላል፤ አድራሻው ጫፍ ላይ የ% ምልክትና የላቲኗ ትንሿ ኤስ ተለጥፈዋል። «ግ» እና «ሥ»ም እንደዚያው ናቸው። እነዚህን መቼ በዚህ መንገድ እንዳስገባኋቸው ትዝ አይለኝም።

---

የታብ_እናት | ሰኞ ማታ 3:24

ተገኘ። አሁን ሳትቆጣ መልስልኝ፦ ባለፉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ «ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ» የሚል ቁልፍ ተጭነሃል?

ለምን እንደጠየቅኩህ ልንገርህ። ሪፍሬሽ ያለውን ፕሮፋይል አይጠግነውም። አዲስ ፕሮፋይል ይፈጥርና ከአሮጌው የተወሰነ ዕቃ ብቻ ያሻግራል። ቡክማርክ፣ ሂስትሪ፣ ፓስወርድ፣ ኩኪና ፎርም ላይ የሞላኸው ይሻገራል። ኤክስቴንሽን፣ የለወጥካቸው ሰቲንጎችና የጨመርካቸው የፍለጋ ሞተሮች አይሻገሩም። ያንተ ኪሳራ ከዚህ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል።

ሦስቱ የተረፉት ደግሞ የፍለጋ ሞተር ስላልሆኑ ነው። ኪወርድ ያላቸው ቡክማርኮች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ያየሃቸው % እና ኤስ የምትፈልገው ቃል የሚገባበት ቦታ ናቸው። አንተ ስትጽፍ ሁለቱ አንድ ይመስሉሃል፤ የሚቀመጡት ግን ለየብቻ ነው። ቡክማርክና ኪወርዱ ከሂስትሪው ጋር ፕሌስስ.ኤስኪውላይት በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው ያሉት፤ እሱ ተሻግሯል። ሞተሮቹ የነበሩት ሰርች.ጄሰን.ሞዝኤልዜድ4 በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰቲንጉ ላይ ያለው ዝርዝር የሚያሳየው ሞተሮቹን ብቻ ስለሆነ ነው ሦስቱን እዚያ ያጣሃቸው።

(በስልክ እየጻፍኩ ስለሆነ የፋይል ስሞቹን በፊደላችን ነው ያሰፈርኳቸው። ኮምፒውተርህ ላይ በላቲን ነው የምታገኛቸው።)

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 3:41

...

ቅዳሜ ማታ ብሮውዘሩ ተንቀራፈፈብኝና አባውት፡ሰፖርት ገጽ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫንኩት። አንድ መልእክት መጣ፤ ኤክስቴንሽን ይነሣል፣ ሰቲንግ ወደ ነበረበት ይመለሳል ምናምን የሚል ነገር ነበረው። ሳላነበው እሺ አልኩት። «ምንም አልነካሁም» ስል ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ማለቴ ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። በቃ አለቀላቸው ማለት ነው?

---

የታብ_እናት | ሰኞ ማታ 3:44

አላለቀላቸውም። ሪፍሬሽ አሮጌውን ፕሮፋይል አይጥለውም። ዴስክቶፕህ ላይ «ኦልድ ፋየርፎክስ ዳታ» የሚል ፎልደር አስቀምጦልሃል። እሱን ክፈትና ውስጡ ያለውን ንገረኝ።

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 3:47

እሑድ ዴስክቶፔን አጸዳሁት።

---

ሌሊት_ዘብ | ሰኞ ማታ 3:48

ወይ ጉድ።

---

አባ_ገመድ | ሰኞ ማታ 3:55

ልጄ፣ አትደንግጥ። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርገኸዋል? ካላደረግከው ፎልደሩ እዚያው ተኝቷል። በቀኝ ነክተህ «ሪስቶር» በለው፤ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ ማጽጃ የሚሉት ፕሮግራም ካለህ ግን ዛሬ ማታ አታስነሣው፤ መጀመሪያ የሚጠርገው ቢኑን ነው።

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 4:02

አለ! አለ! ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ።

መልሼዋለሁ። ውስጡ ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ስም ያለው አንድ ፎልደር አለ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ፋይል መዓት ነው። ሰርች.ጄሰን የምትሉትን አገኘሁት። በኖትፓድ ስከፍተው ግን ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። መጀመሪያው ላይ ሞዝኤልዜድ40 የሚል ይነበባል፣ ከዚያ በኋላ ሳጥንና ጥያቄ ምልክት ነው። ተበላሽቷል እንዴ?

---

የታብ_እናት | ሰኞ ማታ 4:15

አልተበላሸም፤ የተጨመቀ ነው። ኤልዜድ4 የመጭመቂያው ስም ነው፤ ፊት ለፊት ያየኸው ጽሑፍ ደግሞ ፋየርፎክስ የራሱን ፋይል የሚለይበት ምልክት ነው። ይኼ መጭመቂያ የማይደጋገመውን ጽሑፍ እንዳለ ስለሚተወው፣ ወደ ታች ብትወርድ የምታውቃቸው ድረ ገጾች ስም ቁርጥራጩ ይታይሃል። ከታየህ ፋይሉ የኛ ነው። ግን ኖትፓድ ላይ ሴቭ እንዳትል፤ ያኔ በእውነት ይበላሻል።

አሁን ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

ከምንም በፊት ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርገው።

ከዚያ አባውት፡ሰፖርት ገጽ ላይ «ፕሮፋይል ፎልደር» ከሚለው ጎን ያለውን ቁልፍ ተጫን፤ አሁን የምትጠቀምበት አዲሱ ፕሮፋይል ይከፈትልሃል። (ሪፍሬሹም እዚያው ገጽ ላይ ነው ያለው። እጅህን ሰብሰብ አድርግ።) ፎልደሩ እንደተከፈተ ይቆይና ብሮውዘሩን ዝጋው።

አዲሱ ፕሮፋይል ውስጥም በዚያው ስም ፋይል አለ። አትሰርዘው፤ ስሙ ላይ «አሮጌ» የሚል ጨምረህ ተወው። ከፍላሹ ላይ የራስህን አምጥተህ በቦታው አስቀምጥና ብሮውዘሩን ክፈት።

ፕሮፋይሉን በሙሉ ለመመለስ እንዳትፈተን። መንቀራፈፍ ያመጣብህ ነገር ምን እንደነበረ አናውቅም፤ እሱንም አብረህ ትመልሰዋለህ። የሚያስፈልግህ ይቺ አንዲት ፋይል ናት።

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 4:38

ያልሽኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። ከፈትኩት፤ ምንም የለም። ዝርዝሩ ያው ነው። ይባስ ብሎ ያስቀመጥኩት ፋይል መጠኑ አንሷል! አሁን ከፍላሹ ጋር ሳስተያየው የፕሮፋይሉ በግማሽ ያነሰ ነው። ማነው የቀየረው?

---

ሌሊት_ዘብ | ሰኞ ማታ 4:41

ብሮውዘሩን ዘግተኸዋል? ወይስ መስኮቱን ነው የዘጋኸው?

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 4:49

ሌላ መስኮት ከታች ተደብቆ ክፍት ነበር።

---

የታብ_እናት | ሰኞ ማታ 4:53

ያው እሱ ነው። ብሮውዘሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዝርዝሩን የሚይዘው ራሱ ጋ ነው። ፋይሉን ከሥሩ ብትቀይርበት አያይህም፤ በኋላ የራሱን ሲጽፍ ያንተን ይደርብበታል። ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርግ ያልኩህ ለዚህ ነበር። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፋየርፎክስ የሚባል ነገር ፈጽሞ እንደሌለ አይተህ ድገመው።

---

እንዝርት | ሰኞ ማታ 5:06

ተመለሱ!!!

«ው ግርዶሽ» ብዬ የግርዶሹን ገጽ ሳይ እንደ ሕፃን ነው ደስ ያለኝ። አሥራ ስምንት ቆጠርኩ። ከሦስቱ ቡክማርኮች ጋር ሃያ አንድ። ሁለት ይጎድላሉ፦ የትርጉሟ «ት» እና ሌላ አንድ። እንዲሁም ዋናው የፍለጋ ሞተር ድሮ የመረጥኩት አይደለም፤ ሌሎቹ ተመልሰው እሱ ብቻ ለምን ቀረ?

ነገ ሥራ አለብኝ፣ ልተኛ። የታብ እናት፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

---

የታብ_እናት | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

እንኳን ደስ ያለህ። ሁለቱም ጥያቄ መልስ አለው።

የጎደሉት ሁለቱ ኤክስቴንሽን ያመጣቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዳንድ ኤክስቴንሽን ሲጫን የራሱን የፍለጋ ሞተር ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ደግሞ ይዞት ይወጣል። ኤክስቴንሽኑን መልሰህ ጫነው፣ ይመጣሉ።

ዋናውን በተመለከተ፣ ፋየርፎክስ የመረጥከውን ሞተር ሲመዘግብ አንድ ማረጋገጫ አብሮ ይጽፋል። ማረጋገጫው የሚሰላው ከፕሮፋይሉ ፎልደር ስም ጋር ተዳብሎ ነው። ፋይሉ ስሙ ወደ ተለየ ፎልደር ሲዛወር ስሌቱ አይገጥምም፤ ብሮውዘሩም ምርጫውን አያምነውም። አንተን ለማስቸገር አይደለም፤ ሳታውቅ ሰርጎ ገብቶ ዋናውን የፍለጋ ሞተር የሚቀይር ፕሮግራም ስላለ በሩን ለመዝጋት ነው። ሰቲንግ ገብተህ አንዴ ብትመርጠው ያልቃል።

---

አባ_ገመድ | ማክሰኞ ጠዋት 2:05

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፕሮፋይሉ ውስጥ ሰርችፕላጊንስ የሚባል ፎልደር ነበር፤ እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ነበረው። አንዱን አንሥቶ ለጓደኛ በኢሜይል መላክ ይቻል ነበር። አጻጻፉ ኦፕንሰርች የሚባለው ነው፤ የአማዞን ቅርንጫፍ የነበረው ኤናይን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው። ዛሬም ድረ ገጾች ፍለጋቸውን ለብሮውዘር የሚያስተዋውቁት በእሱ ነው። አሁን ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ ጆንያው ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

እኔስ ከዚያ ወዲህ ቡክማርክ ላይ ነው የተውኩት። እንዝርት ሦስቱ ብቻ የተረፉለት ለምን እንደሆነ አይታችኋል። ቡክማርክ ሲንክ ይሄዳል፤ ፋየርፎክስም በራሱ ባክአፕ እየያዘ አሥራ አምስት ድረስ ያስቀምጣል። ወደ ኤችቲኤምኤል ስታወጣውም ኪወርዱ አብሮት ይወጣል።

---

ሌሊት_ዘብ | ማክሰኞ ጠዋት 2:30

ጋሼ፣ በዚህስ አልስማማም። ቡክማርክ እየጻፍክ ሐሳብ አያቀብልህም። ሞተር ሲሆን ድረ ገጹ ካዘጋጀው «ግር» ስትል ከሥር ግርዶሽ፣ ግርማ እያለ ይደረድርልሃል። በዚያ ላይ ድሮ ሞተር በእጅ ለመጨመር አባውት፡ኮንፊግ ውስጥ የተደበቀ መቀየሪያ መፈለግ ነበረብን። ከ140ኛው ስሪት (ሰኔ 2025 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ሰቲንጉ ላይ «አድ» የሚል ቁልፍ አለ፤ የመፈለጊያ ሳጥኑን በቀኝ ነክቶም መጨመር ይቻላል። አሁን ሰው ለምን ወደ ቡክማርክ ይሸሻል?

---

አባ_ገመድ | ማክሰኞ ጠዋት 2:47

መጨመሩ ቀለለ እንጂ መጠበቁ አልቀለለም። ሐሳብ ለሚያቀብለው ሞተር፣ መጥፋት ለሌለበት ቡክማርክ።

አንድ ጥቅምም ልጨምርልህ። ቡክማርክ ላይ ትንሿን ኤስ ብታደርግ የጻፍከው ነገር ተቀይሮ ነው የሚላከው፤ የኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ «ሰላም» ሃያ ሰባት ምልክት ሆና ትሄዳለች። ለፍለጋ ይኼ ትክክል ነው። ነገር ግን ያረጁ ድረ ገጾችን ከማኅደር የምታወጣ ከሆነ ሙሉ አድራሻ ነው የምትልከው፤ ትንሿ ኤስ በአድራሻው ውስጥ ያሉትን ያዘመሙ ሰረዞች (/) ሳይቀር ትቀይራቸዋለች። እዚያ ላይ ትልቁን ኤስ አድርግ፤ የጻፍከውን እንዳለ ያሳልፈዋል።

---

ሦስተኛ_ወንበር | ማክሰኞ ቀን 6:12

ይቅርታ በሰው ክር ስለገባሁ። የኔም ጠፍተዋል፤ ግን የኔ ፋየርፎክስ አይደለም። ከክሮሚየም ቤተሰብ ነው፣ ስሙን ተዉት። ቁልፍ ቃሉን ጽፌ ባዶ ቦታ ስሰጥ ድሮ ወደ ድረ ገጹ ይቀየር ነበር፤ አሁን ዝም ይላል። ሪፍሬሽ የሚባል ነገር አልነካሁም። በእውነት አልነካሁም!

---

የታብ_እናት | ማክሰኞ ቀን 6:50

አንተንም አምናለሁ።

ሰቲንግ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮችን ማስተዳደሪያ ገጽ ክፈትና እስከ ታች ውረድ። ከላይ ዋናዎቹ አሉ፣ መሐል ላይ «ሳይት ሰርች» አለ፣ መጨረሻ ላይ «ኢናክቲቭ» የሚል ሌላ ዝርዝር አለ። ብዙ ሰው እስከዚያ አይወርድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሳቸው የተመዘገቡት ሞተሮች ካላነቃሃቸው እንዳይሠሩ ተደረገ፤ እዚያ ነው የሚቀመጡት። ከጎናቸው «አክቲቬት» የሚል ቁልፍ አለ።

እዚያው ገጽ ላይ አቋራጩን የሚያስነሣው ባዶ ቦታም ታብም ነው ወይስ ታብ ብቻ የሚል ምርጫ አለ። ታብ ብቻ ተብሎ ከሆነ ባዶ ቦታ ብትሰጥ ዝም ነው የሚልህ፤ ሞተሩ ግን አለ።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነና ሜኑው ግርጌ ላይ «በድርጅትህ የሚተዳደር» የሚል ካየህ ደግሞ የፍለጋ ሞተሩን የሚወስነው አስተዳዳሪው ሊሆን ይችላል፤ እሱን አነጋግር።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነና ባክአፕ ካለህ፣ በዚህ ቤተሰብ ሞተሮቹ ያሉት ፕሮፋይሉ ውስጥ «ዌብ ዳታ» በሚባል ፋይል ነው። ማራዘሚያ ስም የለውም፤ ግን ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ነው፣ ውስጡ «ኪወርድስ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ሌሎች ነገሮችንም ስለያዘ እንደ እንዝርት ፋይል በጭፍን አትቀይረው። በኤስኪውላይት መመልከቻ ኮፒውን ክፈትና አድራሻዎቹን አንብበህ በእጅህ ብትመልሳቸው ይሻላል። ሲንክ የበራበት ሌላ ኮምፒውተር ካለህ ደግሞ ኢንተርኔቱን ሳታቋርጥ አትክፈተው። በዚህ ቤተሰብ ሲንክ ሞተሮቹንም ያመላልሳል፤ መደምሰሱንም ጭምር።

---

ፈጣን_ጣት | ማክሰኞ ቀን 7:15

በመጀመሪያ ለትናንቱ ምክሬ ይቅርታ።

ከሁሉም የሚያሳፍረው ግን የኔ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ «ጠፋ» ስል የነበረው ሞተር አልጠፋም። ኪወርዱን ያስገባሁት «ሠ» ብዬ ነው፣ ለሠንጠረዥ። የምጽፈው ግን «ሰ» ነው። ለኔ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለብሮውዘሩ ሁለት ፊደል። ካሽ ያጸዳሁት፣ ኮምፒውተር ያጠፋሁት ያበራሁት ሁሉ በንጉሡ «ሠ» ምክንያት ነው።

---

የታብ_እናት | ማክሰኞ ቀን 7:22

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ለአ እና ዐ፣ ለጸ እና ፀም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ከፈለግክ አንዱን እንደ ሞተር፣ ሌላውን እንደ ቡክማርክ አስገባው። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) የምትጽፉም አስተውሉ፤ ከኪወርዱ ቀጥሎ ብሮውዘሩ የሚፈልገው ባዶ ቦታ ነው።

እንዝርት፣ ያንተ «ሥ» ንጉሡ ነው ወይስ እሳቱ «ስ»?

---

ሦስተኛ_ወንበር | ማክሰኞ ማታ 1:40

ኢናክቲቭ ውስጥ አሥራ አንድ ሆነው ተኝተዋል። ለካስ ሁልጊዜ ገጹን እስከ መሐሉ ብቻ ነበር የማየው። አነቃኋቸው፣ ሁሉም ይሠራሉ። አመሰግናለሁ።

---

እንዝርት | ማክሰኞ ማታ 3:05

ንጉሡ ነው፣ ለሥዕል ፍለጋ።

ኤክስቴንሽኑን ስመልሰው «ት» መጣች። የቀረችው አንዷ የየትኛው ኤክስቴንሽን እንደነበረች ጠፍቶኛል፤ አሮጌው ፎልደር ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እያየሁ ነው። በጋሼ ምክር «ው»ን፣ «መ»ን እና «ካ»ን ቡክማርክም አድርጌያቸዋለሁ። ርዕሱ ላይ «ተፈቷል» ብዬ ጨምሬያለሁ። ኦልድ ፋየርፎክስ ዳታም ዴስክቶፕ ላይ እንዳለ ነው፤ ለጊዜው አልነካውም።